ሽማግሌዎች መሃል የተቀመጠችው ጌም

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ኋላ "ሰውየው ምን ነካው" እንዳትሉኝ። እህል ሳስፈጭ ወፍጮው አፍ ላይ ቆሜ ዱቄቱ ሲወርድ አያለሁ። ፈረሴን ሰው ቢዋሰኝ ጭራውን አይቼ እሰጣለሁ፣ ሲመለስም ጭራውን አይቼ እቀበላለሁ፤ ጭራ ነቅሎ የሚሸጥ አለና። ሚስቴ ዘነበች "አንተ ስትቀበርም አፈሩን መዝኑልኝ ሳትል አትቀርም" ትለኛለች። ትበል። በዚህ እድሜዬ የተታለልኩት ጥቂት ነው።

ቤቴ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ነው። በጋሪ ሩቅ አይባልም፣ በእግር ግን ያደክማል። ይሄ ነገር ሲሆን መብራት እኛ ቀበሌ አልገባም ነበር። እንጅባራ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሊሠራ ነው እየተባለ የሚወራበት ጊዜ ነው። መብራት ባይኖርም ሞባይል ሁሉም ሰው ይዟል። እና የገበያ ቀን ሲሆን ሰው ቅቤውንም ሞባይሉንም ይዞ ዳንግላ ይወርዳል፣ ሞባይሉን ቻርጅ ቤት ሰጥቶ ገበያውን ይውላል፣ ሲመለስ ሞልቶለት ይቀበላል።

በዚያው ዓመት ፈረስ ጣለኝ። "በዚህ እድሜህ ጉግስ ምን አገባህ" ብለውኝ ነበር፣ አልሰማሁም። ቅልጥሜ ላይ ተሰበርኩ። ወጌሻው በቀርከሃ አስሮኝ "ሳልፈታህ ከዚህ መደብ ብትወርድ ሌላ ወጌሻ ፈልግ" ብሎኝ ሄደ። መቀመጥ የማያውቅ ሰው አስቀምጡና እዩት። ዝንብ እቆጥራለሁ። ዘነበችን በሆነው ባልሆነው እጣራለሁ። ቤቱ ሁሉ መረረው።

የመኪና ረዳት የነበረው ትልቁ ልጄ ሙላት ይሄን ሲያይ ከባሕር ዳር አንድ ነገር ይዞልኝ መጣ። በሁለት እጅ የሚያዝ፣ መሃሉ መስታወት፣ ግራና ቀኙ ቁልፍ። "ጌም ነው አባ፣ ሰው የተጠቀመበት ነው ግን ደህና ነው" አለኝ። ጡብ ከላይ ይወርዳል፣ አንተ እያዞርክ ታች ትደረድራለህ፣ መደዳው ሲሞላ ይጠፋል፣ ክፍተት ካበዛህ ጡቡ ተቆልሎ ያፍንሃል። በልጅ መጫወቻ ሊያሾፍብኝ ነው ብዬ ተቆጣሁ። ግን እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ድንጋይ ስክብ የኖርኩ ሰው ነኝ። የትኛው ድንጋይ የት እንደሚገባ እጄ ያውቃል። ሙላት ሳይሄድ እሱን አለፍኩት። ከዚያ በኋላ ሰው ሲመጣ ጋቢዬ ሥር እደብቃታለሁ፣ ሰው ሲሄድ አወጣታለሁ።

እንግዲህ ነገሩ ባትሪዋ ላይ ነው። ከመስታወቷ ጥግ ሦስት ትንንሽ መስመር አለች፣ እኔ ጥርስ እላታለሁ። ስትሞላ ሦስት ጥርስ ናት። ስትጫወት አንዷ ትረግፋለች፣ ቀጥላ አንዷ፣ መጨረሻ ላይ የቀረችው ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ትልና መስታወቱ ይጨልማል። መጀመሪያ ሰሞን ቆጥቤ ስጫወት ከገበያ እስከ ገበያ ታደርሰኝ ነበር። ይዛልኝ የምትወርደው የመጨረሻዋ ልጄ ይታይሽ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ እቤት የተቀመጠች።

ከጊዜ በኋላ ጌሟ መልኳን ለወጠች። ከዳንግላ በተመለሰች ማግስት ጥርሷ ይረግፋል። ገበያው ገና ሩቅ ነው፣ እሷ ጨልማለች። ይታይሽ "በመሃል ልውሰዳት አባ፣ እንደው ለቲማቲምም ልወርድ ነበር" ትላለች። እሺ ትውሰድ። ስትመለስም ያው ናት።

ጠረጠርኩ።

"ይታይሽ!" አልኩ።

"አቤት አባ።"

"ይቺን የሚሞላት ማነው?"

"ይሁኔ ነው።"

"ስሙን ቶሎ አወቅሽው።"

"ቻርጅ ቤቱ በር ላይ ተጽፏል አባ።"

ነገሩ ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ይሄ ይሁኔ የሚሉት ልጅ የጌሜን ደህናውን ባትሪ አውጥቶ የሞተ ባትሪ ከትቶልኛል። ሽማግሌ ምን ያውቃል ብሎ ነዋ! በማግስቱ የጀርባዋን ክዳን ከፈትኩና ባትሪዋ ላይ በመርፌ መስቀል ጫርኩባት። ላመል ያህል ናት፣ እኔ ካልሆንኩ ማንም አያያትም። ቀጥዬ ወደ ቻርጅ ቤት ላክኋት። ስትመለስ ቀድሜ ክዳኗን ከፈትኩ። መስቀሏ አለች። ባትሪዋ የራሴ ናት። ጌሟ ግን በማግስቱ ጨለመች።

ይሄ ይባስ አናደደኝ። የሰረቀ ሰው ይገባኛል። ሳይሰርቅ የሚያጎድል ግን እንዴት ያለ ነው? ሳይሞላት ሞልቻለሁ እያለ ይሆናል አልኩ። ጎረቤቴን ፈንታን አስጠራሁት። ፈንታ አብሮ አደጌ ነው፣ አፉ አያርፍም ግን ዓይኑ ደህና ነው።

"ዳንግላ ውረድና ቻርጅ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጥልኝ" አልኩት።

"ምን ልሁን ብዬ?"

"ደክሞኝ ነው በል። ጌሟ ስትገባና ስትወጣ እያት። ዓይንህን እንዳትነቅል።"

"ታረቀኝ፣ አንተ እኮ እግርህ ሳይሆን ራስህ ነው የተሰበረ" አለኝና ሄደ።

አመሻሽ ላይ ተመልሶ መጣ። "ሰካት። ቀይ መብራት በራች። ከቀትር በኋላ አረንጓዴ ሆነች። ነቅሎ ለይታይሽ ሰጣት። ሞልታ ነው የወጣች" አለ።

"አልተነሳህም?"

"ሽንቴን ይዤ ነው የዋልኩ! ምን ልሁንልህ?"

"በሩ ላይ ምን ተጽፏል?"

"እዚህ ቻርጅ ይደረጋል ይላል።"

"ስሙስ?"

"የማን ስም? ስም የለበትም። ልጁ ግን ደግ ነው፣ መቀመጫውን ለቆልኝ እሱ ቆሞ ዋለ።"

ስም የለበትም። ይሄ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ነገር ግን ሰው ሲጠረጥር ሁሉንም ጠርጥሮ የገዛ ልጁን ይዘላል። እኔም ዘለልኳት። የተጠራጠርኩት ይታይሽን የሚያመላልሳትን ጋሪ ነጂ ነው። ከዳንግላ እስከ ቤቴ ጌሟን እየተቀበለ የሚጫወት እሱ ነው አልኩ። ቀጥዬ ደግሞ አይ፣ ልጁ ከውስጥ የማይታይ ነገር አበላሽቶባት ነው አልኩ።

በዚህ ላይ እያለሁ አንድ ማለዳ ሦስት ሽማግሌ ደጄን ረግጦ ገባ። ዱላቸውን ይዘው ቆሙ። አንዱ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። ሁለተኛው ዳንግላ ከተማ ልብስ የሚሰፋ፣ አስማረ የሚባል ሰው ነው። ሦስተኛው ፈንታ ነው!

"ተቀመጡ" አልኩ።

"የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ መሪጌታው። የደንቡ ነው።

"ተናገሩ።"

አስማረ አጎንብሶ "አያ ታረቀኝ፣ ልጅዎን ይታይሽን ለእህቴ ልጅ ለይሁኔ ብለን መጥተናል" አለ።

"የትኛው ይሁኔ?"

"ቻርጅ ቤት ያለው።"

ወደ ፈንታ ዞርኩ። "አንተም?"

"ምን ላርግ?" አለ። "እይልኝ ብለህ ስትልከኝ አየሁት። ሳየው ወደድኩት። ደግሞ ዘር ቆጥረናል፣ አይገናኙም።"

ያን ጊዜ ያለፈው ሁሉ በአንድ ላይ መጣልኝ። ለካ ይሄ ልጅ ባትሪ አልፈለገም! ጌሟ ቶሎ እንድትጨልም ያደረጋት፣ ልጄ በየጊዜው እንድትወርድለት ብሎ ነው። በገዛ ጌሜ፣ በገዛ እግሬ ስብራት ልጄን አስጠራብኝ! ደሜ ፈላ። ግን ሽማግሌ አይሰደብም።

"ዘመድ ላማክር" አልኩ። "ሰው ግን የሚታወቅ በሥራው ነው። የእሱ ሥራ መሙላት ነው። እንግዲህ ጌሟን ይሙላት። በልጄ እጅ አትምጣ፣ በጋሪ ነጂም እጅ አትምጣ፣ እናንተ ራሳችሁ ይዛችሁ ኑ። ከዚህ መሃላችን ላይ እናበራታለን። ፀሐይ በደጃፉ ገብታ ምሰሶው ሥር ስትደርስ እንጀምራለን። ብርሃኗ ከቤቴ ጨርሳ ስትወጣ ጌሟ በርታ ከተገኘች ልጁ ታማኝ ነው፣ ልጄን እሰጣለሁ። ከጨለመች ዱላችሁን ይዛችሁ ሂዱ።"

መሪጌታው "ታረቀኝ፣ ሰው በመጫወቻ ይዳራል እንዴ?" አሉ።

"አልጠየቅኋችሁም መሪጌታ፣ እናንተ ናችሁ የጠየቃችሁኝ።"

አስማረ "ተቀብለናል" አለ። ቶሎ መቀበሉ ደስ አላለኝም።

ከዚያ እስከ ቀጠሮው ድረስ ይታይሽ ቤት ውስጥ እንደ ጥላ ነው የምትሄድ። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ዓይኔን አታይም። ዘነበች ሹክ ስትለኝ "ይቺ ልጅ ይሄ ከቀረ ዓረብ አገር እሄዳለሁ ብላለች፣ ጓደኞቿ ሄደዋል፣ ቀልድ እንዳይመስልህ" አለችኝ። እኔ ግን ለሌባ ልጅ አልሰጥም ብዬ ጨርሻለሁ።

በቀጠሯቸው ማለዳ መጡ። ወጌሻው ፈትቶኝ በምርኩዝ መንቀሳቀስ ጀምሬ ነበር፣ ቢሆንም ከመደቡ አልወረድኩም። ጠላ ተጠምቋል፣ ግን መልስ ሳያገኙ አይጠጡም፣ እኔም አላቀረብኩም። ይታይሽና እናቷ ጓዳ ናቸው። አስማረ ጌሟን ከኮቱ አውጥቶ በርጩማ ላይ አስቀመጣት። ሦስት ጥርስ። ፀሐይዋ ምሰሶው ሥር ናት። "በሉ" አልኩ።

ጌሟ ደግሞ ጣት ካልነካት ዓይኗን ትከድናለች። ዓይኗን ከድና ብትቆይ ፈተና አይደለም። "አንድ ሰው እየተጫወተ ይቆያል" አልኩ።

ፈንታ ወሰዳት። ጡቡን ሁሉ አንድ ጎን ላይ ከመረው። ወዲያው ታፈነ።

"ይሄ እኮ አጥርህን ነው የሚመስል" አልኩት።

"አጥሬን ተው! ጡቡ ነው የሚጣደፍ።"

አስማረ ከተማ ያለ ሰው ነው፣ ደህና ተጫወተ። እጁ ሲደክም ወደ መሪጌታው ዘረጋት። "እኔ ይሄን አልነካም" ብለው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ትንሽ ቆይተው ግን አንገታቸው ረዘመ። "ያቺን ረጅሟን ወዲህ ብታዞራት..." አሉ። ኋላ "እስቲ አምጣት" አሉ። ከዚያ በኋላ ጌሟን ከእጃቸው ማስለቀቅ ሥራ ሆነ። "ቆይ፣ ይቺን መደዳ ልጨርስ!" ይላሉ። ጓዳ ውስጥ ሴቶቹ ሲስቁ ሰማሁ። ሳቁ ቶሎ ተቆረጠ።

እኔ አልሳቅኩም። ጥርሷን እያየሁ ነው። ብርሃኗ ከምሰሶው ተነስታ መሃል ወለል ላይ ደረሰች፣ ጌሟ ሦስት ጥርስ ናት። ይቺን ጌም አውቃታለሁ። ሙላት አዲስ ያመጣት ጊዜ እንኳ እስከዚህ አንዷ ጥርሷ ትረግፍ ነበር። መጥፋቷን ስጠብቅ የነበርኩ ሰውዬ አሁን አለመጥፋቷ አስጨነቀኝ። እንዲህማ ሊሆን አይችልም።

"ስጡኝ" አልኩ።

"ብርሃኗ ገና ናት" አለ አስማረ። ድምፁ ቀጠነብኝ።

"ስጡኝ አልኩ!"

ተቀበልኩና ክዳኗን በጥፍሬ ከፈትኩ። ባትሪዋን አወጣሁ፣ ወደ ብርሃን አዞርኩ። መስቀል የላትም። በአውራ ጣቴ ፈተግኋት። ለስላሳ ናት። አዲስ ናት።

"ሌባ!" አልኩ። "አላልኩም? አላልኩም ወይ? ባትሪዬን ለውጦታል! ሽማግሌ ይዞ ቤቴ ድረስ ሊያታልለኝ መጣ!"

ፈንታ "ቀስ በል ታረቀኝ" አለ። መሪጌታው ዱላቸውን አነሱ። አስማረ ግን አልተነሳም። እጁን ወደ ውስጥ ኪሱ ሰዶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። ፈታሁት። የእኔ ባትሪ ናት፣ መስቀሏ ያለባት።

"ይሁኔ ነው የሰጠኝ" አለ። "ከፍተው ከጠየቁ ስጣቸው፣ ካልጠየቁም ስትወጣ ስጣቸው ብሎኛል። የእርስዎ አርጅታለች፣ ከዚህ በኋላ አትቆይም ብሎ ነው ከባሕር ዳር አዲስ ያስመጣልዎት። በፈተናው ፈርቶ ነው። ልጁ ፈርቷል አያ ታረቀኝ።"

"ታዲያ ለምን ቀድሞ አልነገረኝም?"

"ነግሮዎታል እንጂ! ባትሪዋ አርጅታለች በያቸው ብሎ በይታይሽ ልኮልዎታል። እርስዎ ነጋዴ ሁሉ እንዲህ ነው የሚል ብለዋል አሉ።"

"እኔ?"

"እርስዎ።"

"እንዲህ ያለ መልእክት በጆሮዬ አልገባም!"

ሁላችንም ወደ ጓዳው ዞርን። መጋረጃው ተገለጠና ይታይሽ ወጣች። እኛ ዘንድ የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፣ አትናገርም። መሪጌታው "ግቢ ልጄ፣ ግቢ" አሏት። አልገባችም። ነጠላዋን ሁለት እጇ ላይ ጠቅልላ መሃል ቆመች።

"እሱ ሌባ አይደለም" አለች። "መልእክቱን ያስቀረሁ እኔ ነኝ። ባትሪዋም አላረጀችም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሞልቶ ይሰጠኛል። ጋሪ ላይ ስወጣ አበራታለሁ። እስከ ቤት እጫወታለሁ። እቤትም እርስዎ ሲተኙ አበራታለሁ። ከዚያ ትጨልማለች።"

"ለምን?"

"ካልጨለመች በምን ምክንያት ልውረድ?" አለች።

መሪጌታው መሬት መሬት አዩ። ፈንታ ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው። አስማረ አፉን ከፍቶ ቀረ። "ይሁኔ ይሄን ያውቃል?" አላት።

"አያውቅም። ምን ሆና ነው እያለ ይፈታታል፣ ይገጥማታል። አርጅታለች አለኝ፣ ዝም አልኩት። ለአባ ንገሪ አለኝ፣ ነጋዴ ሁሉ እንዲህ ነው ብለውሃል አልኩት።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ምላሴን ሳይቀር አስመስላ ነው የዋሸች፣ ብጠየቅ እንዲያ ማለቴ አይቀርም ነበር። ጋሪ ነጂውን ጠርጥሬያለሁ፣ ልጁን ጠርጥሬያለሁ፣ እሷ ጎኔ ተቀምጣ ጡት እንዳልጣለች ግልገል ታየኛለች። አሁን ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ መጣብኝ። ይቺ ልጅ ልጁን ለማዳን በራሷ ላይ እየዋሸች ቢሆንስ? አንዴ የዋሸችኝ ሁለተኛ አትዋሽም ያለው ማነው?

"አላመንኩሽም" አልኩ።

"አባ..."

"ባትሪዋ ደህና ናት ብለሻል። አስማረ፣ ይቺስ ሞልታለች?"

"ሁለቱንም ሞልቶ ነው የሰጠኝ።"

አሮጌዋን ባትሪ ከተትኩና ክዳኗን ዘጋሁ። ለይታይሽ ዘረጋሁላት። "ተቀመጪና ተጫወቺ። ብርሃኗ ደጃፉን እስክትለቅ ከቆየች እውነት ተናገርሽ። ከጨለመች ውሸታም ነሽ፣ እነዚህም ይሄዱ። ከዚህ በኋላ የይሁኔ ስም በዚህ ቤት አይነሳም።"

መሪጌታው "ብርሃኗ እኮ ተጋምሳለች ታረቀኝ፣ ይበቃል" አሉ። ጌሟን ይታይሽ እጅ ላይ አኖርኳት።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ በዙሪያዋ ናቸው። መጫወት ጀመረች። እኔ ጎበዝ ነኝ ስል የኖርኩ ሰው ልጄን ሳያት አፈርኩ። ጡቡ ገና ከላይ ሳይታይ ጣቷ ቦታውን ያውቃል። የሚሰማ የቁልፏ ድምፅ ብቻ ነው።

አንዷ ጥርስ ረገፈች። ብርሃኗ ወደ ደጃፉ እየሄደች ነው፣ ግን እንዴት አዝጋሚ ናት! ፀሐይ እንዲህ ስትጎተት አይቼ አላውቅም። ይታይሽ አንዴም ቀና አላለችም። ግንባሯ ላብ አወጣ፣ ከአፍንጫዋ ጫፍ መስታወቷ ላይ ጠብ ሲል በነጠላዋ ጠርጋ ቀጠለች። ሁለተኛዋ ረገፈች። አስማረ የኮቱን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል። መሪጌታው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ለማን እንደሚጸልዩ አላውቅም።

ብርሃኗ ከደጃፉ አንድ ክንድ ሲቀራት የመጨረሻዋ ጥርስ ቀላች። ብልጭ፣ ድርግም። ብልጭ፣ ድርግም። ይታይሽ አየቻት። ጡብ ሳተች። ሌላም ሳተች። ግን አላቆመችም፣ እንባዋ እየወረደ ትደረድራለች።

ያን ጊዜ ዘነበች ከጓዳው በር ሆና አናገረችኝ። እኔና እሷ የምንጋጨውም የምንታረቀውም በአገውኛ ነው። አስማረ አይሰማም፣ የከተማ ሰው ነው። "ካሸነፍካት በኋላ ምን ልታደርጋት ነው?" አለችኝ።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያሰብኩት ማወቅን ብቻ ነው። ካወቅሁ በኋላ ያለውን አላሰብኩም። ብትጨልም ይቺ ልጅ ከዚህ በርጩማ ተነስታ የት ትሄዳለች? ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ስትንከራተት እኔ መደቤ ላይ ሆኜ ታማኝ አይደለችም እያልኩ ልኮራ ነው? ባትጨልምስ? አሸነፍኩት ብላ ከቤቴ ትወጣለች፣ አመነኝ ብላ አትወጣም።

ብልጭ፣ ድርግም።

ምርኩዜን ተደግፌ ወረድኩ። ጌሟን ከእጇ ላይ ወሰድኩ። ጎኗ ላይ ማጥፊያዋ አለች፣ ተጫንኳት። መስታወቱ ጨለመ።

"ምን አደረግህ!" አለ ፈንታ። "ብርሃኗ እኮ ደርሳ ነበር!"

"እኔ ነኝ ያጠፋኋት። ሁላችሁም አይታችኋል፣ በራሷ አልጠፋችም።"

"ቢሆንም እኮ..."

"ፈንታ፣ አፍህን ያዝ።" ወደ ጓዳው ዞርኩ። "ዘነበች፣ ለሽማግሌዎቹ የሚጠጣ አምጪ።"

ሌላ ቃል አላስፈለገም። አስማረ ተነስቶ ጉልበቴን ሊስም አጎነበሰ። መሪጌታው "ታረቀኝ፣ ዛሬ ገና ስምህን መሰልክ" አሉኝ። ይታይሽ ግን በርጩማው ላይ ተቀምጣ እጇን እያየች ታለቅሳለች። አጠገቧ ቆምኩ። "ጥሩ ትጫወቻለሽ" አልኳት። ከእንባዋ መሃል ሳቀች።

እንግዲህ ይሄን የምታነቡ ሰዎች፣ በተለይ ልጅ ያላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ሰው አማኝ ሆነ ብላችሁ እንዳታስቡ። አልሆንኩም። ለውሸት መንገድ ክፈቱ አልላችሁም። ልጄ ዋሽታኛለች፣ ይሄን አልረሳሁም፣ ለእሷም ነግሬያታለሁ። ግን በዚያ ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ሰውን እየፈተኑ አጥር ድረስ ማድረስ ይቻላል። ከአጥሩ ወዲያ ግን ገደል ይሁን ሜዳ የሚያውቅ የለም፣ የገፋኸውም ሰው ተመልሶ አይመጣም። እኔ ልጄን አንድ ክንድ እስኪቀራት ገፍቻት ነበር።

ሌላም ነገር ተለወጠ። ልጆቼ መሄድ የሚፈልጉት ቦታ ካለ ምክንያት መፍጠር ቀረ። "አባ፣ እሄዳለሁ" ይላሉ፣ እኔም "የት?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ ይነግሩኛል። የምወደውም አለ፣ የማልወደውም አለ። ግን ይነግሩኛል።

ይታይሽና ይሁኔ አሁን እንጅባራ ናቸው። ልጅ ወልደዋል። ይሁኔ ሞባይልም ቴሌቪዥንም ይጠግናል። አስተዋይ ነው፣ ከመናገሩ በፊት ያስባል፣ ይሄ አንዳንዴ ያናድደኛል። ቤቱን ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ ይታይሽ ወደ ገበያ ወጥታ እኔና እሱ ብቻችንን ቀረን። ከሥራ ዕቃው መሃል ሁለት ሽቦ የተንጠለጠለበት ትንሽ ሣጥን አነሳ።

"አባ" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። "ያቺ አሮጌዋ ባትሪ ቤት አለች አይደል? ይቺ መለኪያ ናት። ደህና ትሁን አርጅታ ትሁን ወዲያው ትናገራለች። ቢያመጧት... ልለካልዎት?"

ፊቱን አየሁት። ለእኔ ብሎ አልነበረም። ይታይሽ ሽማግሌ ፊት ባትሪዋ አላረጀችም ያለችው እውነት ተናግራ እንደሆነ፣ እሱን ለማዳን ዋሽታ እንደሆነ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አብሯት ተኝቶ ሲነሳ የሚያስበው እሱ ነው። የእኔ የጥርጣሬ በሽታ እንዳለበት ያን ቀን አወቅሁ።

"ተወው" አልኩት።

"ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው።"

"ለእኔስ ትቼዋለሁ። አንተም ተወው።"